ብቻውን የሚበሳ ጥይት የለም፦ ስለ ፀረ ተህዋስያን ፔፕታይዶች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የሰውነታችን ጥቃቅን ጥይቶች» የተሰኘውን ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ቢወደድ አይገርምም፤ አቀራረቡ ቀላል ነው፣ ርዕሰ ጉዳዩም በሰፊው ሊነበብ የሚገባው ነው። የሚያወራው ስለ ፀረ ተህዋስያን ፔፕታይዶች ነው፦ ቆዳችን፣ አንጀታችን፣ የመተንፈሻ አካላችንና ነጭ የደም ሕዋሳታችን ባክቴሪያን ለመከላከል ስለሚያመርቷቸው፣ ብዙውን ጊዜ ከ50 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) ስለማይበልጡ አጫጭር ፕሮቲኖች። የሚያደርሰን መደምደሚያ ግን የተሳሳተ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። እያንዳንዱ ፔፕታይድ ራሱን የቻለ ጥይት ነው፤ ባክቴሪያውን ብቻውን ያገኘዋል፣ ሽፋኑንም ብቻውን ይበሳዋል ይላሉ። ቀጥለው የፔፕታይዱ ሥራ በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ተጽፎ ያለቀ መሆኑን ይነግሩናል፤ ቅደም ተከተሉን ያነበበ ሰው ሥራውን ያውቃል። ሦስተኛው ነጥባቸው ፔፕታይዶች እርስ በርስ ከተጣበቁ ተበላሽተዋል፣ መጣበቅ የአልዛይመር መንገድ ነው የሚል ነው። አራተኛው፣ ባክቴሪያ ሽፋኑን መለወጥ ስለማይችል እነዚህን ፔፕታይዶች ፈጽሞ ሊላመዳቸው አይችልም የሚል። የመጨረሻው ደግሞ፣ ከራሳችን አካል የወጡ በመሆናቸው አይጎዱንም፤ እስካሁን አንቲባዮቲክን ያልተኩት የመድኃኒት ኩባንያዎች ስለደበቋቸው ነው ይላል።

አምስቱ ነጥቦች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ የቆሙበት መሠረት አንድ ነው፤ መሣሪያው ነጠላው ሞለኪውል ነው የሚል እምነት። እኔ የምከራከረው ከዚህ እምነት ጋር ነው። ነጠላው ፔፕታይድ ገና ጥሬ ዕቃ ነው። ባክቴሪያን የሚገድለው ወይም የሚያግደው፣ አንዳንዴም እኛን ራሳችንን የሚያሳምመው፣ ፔፕታይዶቹ ተሰባስበው የሚሠሩት አካል ነው። የት፣ መቼና ከምን ጋር እንደሚሰባሰቡ ሳይጠየቅ ስለ ሥራቸው መናገር አይቻልም።

ከጥይቱ እንጀምር። ፔፕታይዱና ባክቴሪያው የሚገናኙበትን መንገድ ጸሐፊው በትክክል ገልጸውታል። የባክቴሪያ ሽፋን የውጭ ገጽ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው ቅባቶች የተሞላ ነው፤ የእኛ ሕዋሳት የውጭ ገጽ ግን በአብዛኛው ሙል አልባ ነው። አብዛኞቹ ፔፕታይዶች አዎንታዊ ሙል ስላላቸው ወደ ባክቴሪያው ይሳባሉ። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለንም፤ ጠባችን የሚጀምረው ፔፕታይዱ ከደረሰ በኋላ ነው። «ደርሶ ይበሳል» ይላሉ። አይበሳም፤ ደርሶ ይተኛል። ዘይት ወዳድ ጎኑን ወደ ቅባቱ፣ ውሃ ወዳድ ጎኑን ወደ ውጭ አድርጎ በሽፋኑ ገጽ ላይ ጋደም ይላል። ብቻውን እስከሆነ ድረስ ከዚያ በላይ የሚያደርገው ብዙ ነገር የለም።

ብቻውን ቀጥ ብሎ ቢቆምስ? ያም አያዋጣም። ጥምዝምዝ ቅርጽ የያዘ ፔፕታይድ ውፍረቱ አንድ ናኖሜትር ገደማ ነው፤ መሐሉም ክፍት ሳይሆን በራሱ አተሞች የታጨቀ ነው። ሽፋኑን ከዳር እስከ ዳር ቢያቋርጥ እንኳ ቅባቶቹ ዙሪያውን ገጥመው ይይዙታል እንጂ ውሃ የሚያልፍበት መንገድ አይከፈትም። ቀዳዳ እንዲኖር መሐሉን ባዶ ትተው ዙሪያውን የሚከቡ ብዙ ፔፕታይዶች ያስፈልጋሉ። ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም፤ ጂኦሜትሪ ብቻውን ይበቃል።

ቤተ ሙከራ የገቡትም ያገኙት ይህንኑ ነው። በሰው ሠራሽ ሽፋኖች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ የፔፕታይዶቹ ቁጥር ከቅባቶቹ አንጻር ትንሽ ሲሆን ሁሉም በገጹ ላይ ተኝተው ይቆያሉ። ቁጥራቸው አንድን ገደብ ሲያልፍ ግን የተወሰኑት ከተኙበት ተነሥተው ወደ ሽፋኑ ይገባሉ፤ ቀዳዳም ይከፈታል። ከፈንገስ የተገኘው አላሜቲሲን ሲሰባሰብ የቀዳዳውን ግድግዳ የሚሠሩት ፔፕታይዶቹ ራሳቸው ናቸው። ተመራማሪው ማይክል ዛስሎፍ በ1987 ከእንቁራሪት ቆዳ ያገኘው ማጋይኒን ሲሰባሰብ ደግሞ የሽፋኑ ቅባቶችም ጭንቅላታቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው ግድግዳውን አብረው ይሠራሉ። በነገራችን ላይ የዛስሎፍን ታሪክ ጸሐፊው ጥሩ አድርገው ተርከውታል፤ በቀዶ ሕክምና የተከፈቱት እንቁራሪቶች ንጹሕ ባልሆነ ውሃ ውስጥ እየዋኙ ቁስላቸው ሳያመረቅዝ መዳኑ ነበር ተመራማሪውን ያስገረመው። ያው የሚያደንቁት ማጋይኒን ግን የጥይቱን ምስል ከሁሉም ቀድሞ የሚያፈርሰው ነው።

ገደብ አለ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ፔፕታይድ ጥይት ቢሆን ኖሮ አሥር ፔፕታይድ አሥር ቀዳዳ፣ ሃያው ሃያ ቀዳዳ በከፈተ ነበር። እውነቱ ግን ከገደቡ በታች ይህ ነው የሚባል ነገር አለመሆኑ፣ ገደቡ ሲታለፍ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መፈጠሩ ነው። አንድን ባክቴሪያ ለመግደል በላዩ ላይ የሚሰፍሩት ፔፕታይዶች በሚሊዮኖች የሚቆጠሩትም ለዚህ ነው።

ሕያው ባክቴሪያ ላይ የታየውን ቀረብ ብለን እንመልከት። ኤልኤል-37 ካቴሊሲዲን ከተባለው የፔፕታይድ ቤተሰብ የሰው ልጅ ያለው ብቸኛው ነው፤ ስሙን ያገኘው ሉሲን (በምልክቱ ኤል) በተባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ከመጀመሩና 37 አሚኖ አሲዶች ያሉት ከመሆኑ ነው። ተመራማሪዎች የሚያበራ ቀለም አያይዘውለት ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ነጠላ ነጠላ ሕዋሳት ሲያጠቃ በማይክሮስኮፕ ተከታትለውታል። ለመከፈል ወገባቸውን ማጥበብ የጀመሩት ሕዋሳት ካልጀመሩት ቀድመው ተጠቁ። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የባሰውን አሳየ። ኤልኤል-37 ሁሉንም ለመግደል በማይበቃ መጠን ሲሰጥ ሕዋሳቱ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዳንዶቹ ፔፕታይዱን በብዛት መጥጠው ማደግ አቆሙ፣ ሌሎቹ ማደጋቸውን ቀጠሉ። ያቆሙት በሆዳቸው ይዘው የቀሩት ፔፕታይድ ለተረፉት እንደ ጋሻ ሆነላቸው፤ በዙሪያቸው የሚንሳፈፈውን ቀንሶላቸዋልና። በጥይት ሒሳብ ይህን ውጤት ማስረዳት የሚችል ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ከሁሉም ግልጹ ምሳሌ ግን ከላባችን የሚገኘው ደርምሲዲን ነው። በ2001 ይፋ የሆነው ይህ ፔፕታይድ የጸሐፊውን የመጀመሪያ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን «ሁሉም አዎንታዊ ሙል አላቸው» የሚለውንም ይቃረናል፤ በላብ ውስጥ ያለው ዋናው ዓይነት 48 አሚኖ አሲዶች ሲኖሩት ጠቅላላ የኤሌክትሪክ ሙሉ አሉታዊ ነው። ታዲያ አሉታዊውን ሽፋን እንዴት ይበሳል? በ2013 የታተመው የክሪስታል ምስሉ መልሱን ሰጠ። ስድስት የደርምሲዲን ሞለኪውሎች ሁለት ሁለት ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጣመራሉ፤ ሦስቱ ጥንዶች ተገጣጥመው 8 ናኖሜትር ርዝመት ያለው ክፍት ቱቦ ይሠራሉ። አንዱን ከሌላው ጋር የሚያያይዙት በመሐላቸው የሚገቡ የዚንክ አዮኖች ናቸው። ከስድስቱ አንዱን ብቻ ነጥላችሁ ብታዩት ቱቦ የለም፣ መተላለፊያ የለም፣ መሣሪያ የለም። ዚንኩ ቢጎድልም ግጥሚያው ይላላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለጸሐፊው መስጠት አለብኝ። ብቻቸውን የሚሠሩ ፔፕታይዶች አሉ። ከንብ የተገኘው አፒዴሲን፣ ከከብት የተገኘው ባክ7 እና የእነርሱ ዘመዶች ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ የበዛባቸው ናቸው፤ ሽፋኑን ሳያፈርሱ ወደ ባክቴሪያው ውስጥ ገብተው ፕሮቲን በሚመረትበት ራይቦዞም ላይ ይጣበቃሉ፣ ምርቱንም ያስቆማሉ። አንድ ፔፕታይድ ለአንድ ራይቦዞም። ነገር ግን እነዚህ የሚጠቅሙት የጥይቱን ሐሳብ አይመስለኝም፤ ጸሐፊው ሽፋን መብሳት ነው ያሉት፣ እነዚህ ደግሞ ሽፋን አይበሱም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ቅደም ተከተሉን ያነበበ ሥራውን ያውቃል የሚለው አባባል ኤልኤል-37ን በንጹሕ ውሃ ውስጥ ያየ ሰው የሚቀበለው አይደለም። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ይህ ፔፕታይድ ቅርጽ የለሽ ነው፤ እንደ ልቡ ይወዛወዛል። በሰውነት ፈሳሾች ውስጥ የሚገኘው ባይካርቦኔት ሲጨመርበት ግን ወደ ጥምዝምዝ ቅርጽ ይገባል፣ ባክቴሪያ የመግደል አቅሙም አብሮ ይጨምራል። ይህ ከ1998 ጀምሮ የታወቀ ነው። ቅደም ተከተሉ አንድ ፊደል እንኳ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አካባቢው ነው።

ቅደም ተከተሉ ራሱስ የትኛው ነው? ኤልኤል-37 ሲመረት የአንድ ትልቅ ፕሮቲን ጭራ ሆኖ ነው። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ትልቁን ፕሮቲን ከለቀቁት በኋላ ፕሮቲኔዝ 3 የተባለ ኢንዛይም ቆርጦ ነጻ ያወጣዋል፤ በቆዳ ላይ ደግሞ የሚቆርጡት ሌሎች ኢንዛይሞች ናቸው፣ ቁራጮቹም ይለያያሉ። ዲፌንሲን ከተባለው ሌላ የፔፕታይድ ቤተሰብ፣ የሬሰስ ጦጣ ያለው ቴታ ዲፌንሲን ከዚህም የከፋ ነው፤ ዘጠኝ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ከተለያዩ ፕሮቲኖች ተቆርጠው ጫፍና ጫፋቸው ይጋጠምና ባለ 18 ክብ ይሆናሉ። ጂኑን ብቻ ያነበበ ሰው ክቡን አያገኘውም። እኛ ሰዎች የዚህ ጂን ዘመድ አለን፤ ሆኖም በመሐሉ የማቆሚያ ምልክት ስለገባበት ፔፕታይዱን አናመርትም።

ቤታ ዲፌንሲን 1ም ሊረሳ አይገባም። በሰልፈር ድልድዮቹ ታስሮ ሳለ ደካማ ነው እየተባለ ለዓመታት ቆየ። በ2011 የወጣ ጥናት ድልድዮቹ ሲፈቱ ያው ፔፕታይድ ብርቱ ገዳይ እንደሚሆን አሳየ። በርግጥ ቅደም ተከተል ከንቱ ነው አላልኩም፤ የኤሌክትሪክ ሙሉን፣ ዘይት ወዳድ ጎኑን፣ የመጠምዘዝ ዝንባሌውን ከቅደም ተከተሉ ኮምፒውተር ይገምታል፣ አዳዲስ ፔፕታይዶችን ለመፈለግም ጠቃሚ ነው። ግምቱ የሚያልቀው ግን ፔፕታይዱ ከሌሎች ጋር በሚገናኝበት ደጃፍ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ማለትም ጸሐፊው ይበልጥ ወደተሳሳቱበት ነጥብ ደርሰናል። «የተጣበቀ ፔፕታይድ የሞተ ፔፕታይድ ነው» ይላሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሲጽፉ አልፋ ዲፌንሲን 6ን አላሰቡትም።

በትንሹ አንጀታችን ውስጥ ካሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ሥር የፓኔት ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ሁለት ተቀራራቢ ፔፕታይዶችን ያመርታሉ፤ አልፋ ዲፌንሲን 5ንና አልፋ ዲፌንሲን 6ን። ሁለቱም 32 አሚኖ አሲዶች፣ ሁለቱም ሦስት የሰልፈር ድልድዮች አሏቸው። አምስተኛው ባክቴሪያ ይገድላል። ስድስተኛው ግን በተለመደው ሙከራ ሲፈተን ይህ ነው የሚባል ገዳይነት አላሳየም፤ ባክቴሪያዎቹ ከእርሱ ጋር ውለው አድረው ይኖራሉ። ምን ሊሠራ ተፈጠረ የሚለው ጥያቄ ለዓመታት መልስ አጥቶ ቆየ።

መልሱ በ2012 መጣ። ስድስተኛው ዲፌንሲን ባክቴሪያው አካባቢ ሲደርስ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ክር ይሆናል፣ ክሩም መረብ ይሆናል። መረቡ ሳልሞኔላን በሚዋኝባቸው ጅራፎችና በሌሎች የገጽ ፕሮቲኖቹ በኩል ጠፍሮ ይይዘዋል። ባክቴሪያው አልሞተም፤ ነገር ግን የአንጀቱን ግድግዳ ደርሶ መውረር አልቻለም። ይህን የሰው ፔፕታይድ እንዲያመርቱ የተደረጉ አይጦችም ከሳልሞኔላ የተሻለ ተጠብቀዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ቃል በቃል የሚፈጽም ሞለኪውል ካለ ይህ ነው። ተመራማሪዎቹ 27ኛውን አሚኖ አሲድ፣ ሂስቲዲንን፣ በአላኒን ሲተኩት መረቡ መሠራቱን አቆመ፤ ወረራን የመከላከል አቅሙም አብሮ ጠፋ። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው። መጣበቅ ሲቀር ሥራውም ቀረ። በጸሐፊው አነጋገር ከሄድን የሞተው ያልተጣበቀው ነው።

ሰውነታችን መጣበቁን የሚያስተዳድርበት መንገድም አለ። በፓኔት ሕዋስ ውስጥ ስድስተኛው ዲፌንሲን ተከማችቶ የሚቆየው 81 አሚኖ አሲድ ባለው ረጅም ቅርጹ ነው፤ ተጨማሪው ክፍል እንዳይጣበቅ ይይዘዋል። ወደ አንጀት ሲለቀቅ ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ተጨማሪውን ቆርጦ ይጥላል፣ ያኔ መረቡ ይዘረጋል። ብልሽት ልጓም አይበጅለትም፤ ይህ ግን ልጓም ተበጅቶለት፣ ልጓሙም በትክክለኛው ቦታ እንዲፈታ ሆኖ የተሰናዳ ነው።

አንድ ምሳሌ አይበቃም ለሚል፣ ኡፔሪን 3.5 አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ከምትኖር ትንሽ የእንቁራሪት ዝርያ ቆዳ የሚገኝ ባለ 17 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ነው። ብቻውን ሲቀመጥ በአልዛይመር ከሚታወቁት ጋር የሚመሳሰል፣ ጠፍጣፋ ንብርብር ያለው ክር ይሠራል። የባክቴሪያን የሚመስል ሽፋን ሲያገኝ ግን ያው ክር ጥምዝምዝ ቅርጾች ወደተደረደሩበት ሌላ ዓይነት ክር ይለወጣል። በ2021 ግኝቱን ያሳተሙት ተመራማሪዎች የመጀመሪያው ክር ማከማቻ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሥራ ላይ ያለው ቅርጽ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ከኤልኤል-37 መሐል ከ17ኛው እስከ 29ኛው አሚኖ አሲድ ያለው ቁራጭም ጥምዝምዞቹ ጥቅጥቅ ብለው የተደረደሩበት ክር እንደሚሠራ ታይቷል።

ስለ አልዛይመር ጸሐፊው የተናገሩትን ሙሉ በሙሉ አልጥልም። በበሽታው ውስጥ አሚሎይድ ቤታ የተባለው ፔፕታይድ ተጣብቆ በአንጎል ውስጥ መከማቸቱ የተረጋገጠ ነው፣ ጉዳቱንም ማንም አይክድም። ሆኖም ያው አሚሎይድ ቤታ በቤተ ሙከራ በርካታ ተህዋስያንን እንደሚገድል በ2010 ታይቷል፤ በ2016 ደግሞ የሰውን አሚሎይድ ቤታ የሚያመርቱ አይጦች አንጎላቸው በሳልሞኔላ ሲጠቃ ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየታቸውና ክሩ ባክቴሪያዎቹን ከቦ መያዙ ተዘግቧል። ይህ ለአልዛይመር መነሻው ኢንፌክሽን ነው ለማለት አያበቃም፤ ክርክሩ ገና አላለቀም። «መጣበቅ በሽታ ብቻ ነው» የሚለውን ለመተው ግን ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ተጨማሪ እውነት ለጸሐፊው፦ ለመድኃኒትነት የሚነደፉ ፔፕታይዶች ጠርሙስ ውስጥ ሳሉ ከተጣበቁ ብዙ ጊዜ አቅማቸው ይቀንሳል፤ ለአምራቹም ራስ ምታት ነው። ምናልባት አሳባቸው ከዚያ የመጣ ይሆናል። ታዲያ ጥፋቱ ያለጊዜውና ያለቦታው መጣበቁ ነው።

አራተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም፤ ምክንያቱም በግልጽ ስሕተት ነው። ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ የተባለው ባክቴሪያ በግድግዳው ላይ ዲ-አላኒን፣ በሽፋኑ ቅባቶች ላይ ደግሞ ላይሲን የተባሉ አሚኖ አሲዶችን ይለጥፋል፤ ሁለቱም አሉታዊ ሙሉን ይቀንሱለታል። ኦውሪዮላይሲን በተባለ ኢንዛይሙም ኤልኤል-37ን ይቆራርጠዋል። ሳልሞኔላ ፔፕታይዶች ሲመጡበት የሚያውቅበት ዳሳሽ አለው፤ ካወቀ በኋላ የውጭ ሽፋኑን ያድሳል። ሽፋኑ አይለወጥም የተባለው ባክቴሪያ ሽፋኑን መለወጡ የዕለት ተዕለት ሥራው ነው። ዛስሎፍ ራሱ በ2002 ባክቴሪያ ለእነዚህ ፔፕታይዶች መላመዱ እጅግ የማይመስል ነገር ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በ2006 ግን የማጋይኒን ዘመድ በሆነው ፔክሲጋናን ላይ በተደረገ ሙከራ፣ መጠኑ ቀስ በቀስ እየተጨመረ ባክቴሪያዎቹ ከ600 እስከ 700 ለሚሆን ትውልድ ሲባዙ መላመድ መቻላቸው ታየ፤ ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱም ዛስሎፍ ነው። ከራሱ ሐሳብ ጋር የሚቃረን ማስረጃ ላይ ስሙን ያኖረ ሳይንቲስት እያለ እኛ የቀድሞውን አቋሙን ይዘን መሟገታችን አስቂኝ ነው።

ለመላመድ ምን ያህል ለውጥ ይበቃል የሚለው ደግሞ መልሶ ወደ ገደቡ ይወስደናል። ባክቴሪያው ፔፕታይዶችን ሁሉ ማባረር አይጠበቅበትም። በላዩ የሚሰፍሩት ከገደቡ በታች እንዲሆኑ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል፤ ሙሉን በመጠኑ መቀነስ ያን ያደርግለታል። በጥይት ምስል ያሰበ ሰው ይህን ጥቃቅን ማምለጫ አያየውም። በቤተ ሙከራ ሲታይ ለብዙዎቹ ፔፕታይዶች መላመድ ለተለመዱት አንቲባዮቲኮች ከመላመድ የዘገየ መሆኑን እቀበላለሁ። ዘገየ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ ከባክቴሪያ የተገኘውን የፔፕታይድ አንቲባዮቲክ፣ ኮሊስቲንን የሚያመክነው፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፈው ኤምሲአር-1 የተባለ ጂን በ2015 ይፋ ሆኗል። እርሱም የሚሠራው የባክቴሪያውን የውጭ ሽፋን ሙል በመለወጥ ነው።

የቀረው «ከራሳችን ስለሆኑ አይጎዱንም» የሚለው ነው። የጨጓራ አሲድም የራሳችን ነው። ኤልኤል-37 መጠኑ ሲበዛ የእኛንም ሕዋሳት ሽፋን ያፈርሳል፤ የሚያድነን በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ይዘው ስለሚያበርዱት ነው። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ሶርያሲስ በተባለው የቆዳ ሕመም የሚሆነው ነው። ከሞቱ ሕዋሳት የወጣ የራሳችን ዲኤንኤ ብቻውን ሲሆን የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ ችላ ይለዋል። አሉታዊው ዲኤንኤና አዎንታዊው ኤልኤል-37 ሲገናኙ ግን ተያይዘው አንድ አካል ይሆናሉ። በ2007 የወጣ ጥናት ይህ ጥምረት የቫይረስ ዲኤንኤን ለመለየት የተዘጋጀውን ቲኤልአር9 የተባለ ተቀባይ እንደሚቀሰቅስ አሳየ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ምክንያቱን አብራሩ፤ ፔፕታይዱ የዲኤንኤ ዘንጎቹን በተወሰነ ርቀት እየደረደረ ያስራቸዋል፣ ርቀቱ ከተቀባዩ ጋር ሲገጥም ብዙ ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ይያዛሉ፣ ሰውነትም በራሱ ላይ ይነሣል። ጉዳቱን ያመጣው ፔፕታይዱ ብቻውን አይደለም፣ ዲኤንኤውም ብቻውን አይደለም፤ ሁለቱ የተሰለፉበት ሥርዓት ነው። ስለዚህ «በቫይታሚን ዲ ፔፕታይዱን እናብዛው» የሚለው የጽሑፉ ምክር ይታሰብበት። ቫይታሚን ዲ የኤልኤል-37ን ጂን እንደሚቀሰቅስ ጸሐፊው ያሉት ትክክል ነው፤ ብዛት ሁልጊዜ ጥቅም ነው የሚለው ግን ከዚያ አይከተልም።

ኩባንያዎች ደብቀውታል የሚለውን ክስ በተመለከተ፣ መዝገቡ ክፍት ነው። ፔክሲጋናን በስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ላይ እስከ መጨረሻው የሰው ሙከራ ደርሶ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1999 ያልፈቀደው ቀድሞ ካሉት አንቲባዮቲኮች የተሻለ መሆኑ ስላልታየ ነው። በሌላ በኩል በ2003 የተፈቀደው ዳፕቶማይሲን፣ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ የቅባት ጭራ ያለው ፔፕታይድ፣ ዛሬ በሆስፒታሎች ይሰጣል። እርሱም ካልሲየም ካላገኘ አይሠራም፤ ካልሲየም ይዞ በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ይሰባሰባል። በደም ውስጥ ለሚገኝ የስታፊሎኮከስ ኢንፌክሽን ሐኪሞች የሚመኩበት ነው። ለሳንባ ምች ግን አይታዘዝም፤ የሳንባን ከረጢቶች ከውስጥ የሚለብጠው ቅባታማ ፈሳሽ ዳፕቶማይሲንን ወደ ራሱ ስቦ ያስቀረዋል፣ ባክቴሪያው ዘንድ የሚደርስ አይተርፍም።